ጥቁር ውኃ ድንበር የሆነ ዓመት

ኢትዮጵያ ትቅደም
ጃናሞራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንድሪስ አደም፣ ባለህበት ህንድ አገር፤

ያለህበትን አገር ባላውቀውም የዚያ አገር ፀሐይ በሰላም ትውጣልህ። እግዚአብሔር ደዌንና ክፉ ሰውን ያርቅልህ። እኔ፣ ባለቤቴ አማረችና ልጆቹ ደህና ነን። እናትህ እቴ ዘምዘምም ደህና ናት። «ያለበት አገር ይበርዳል ወይስ ይሞቃል ብለህ ጠይቅልኝ» ብላኛለችና መልሱን አትርሳ።

የአገራችንን ነገር ሳትሰማ አልቀረህም። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ወዲህ ዘማቾች መካነ ብርሃን ገብተው፣ ከዚያም ወደ እኛ ወርደው የገበሬ ማኅበር አቋቁመዋል። ሊቀ መንበሩ የላይ መንደሩ ቢያዝን ነው። እኔን ቁስቋም ቅኔ ቤት የቆጠርኩት ፊደል ጸሐፊ አድርጎኛል። ማኅተሙ እኔ ቤት ነው ያለው።

አሁን አንድ ነገር መጣ። ማኅበሩ ሰፍቷልና ለሁለት ይከፈል ተባለ። ቢያዝን በጉባኤ ተነሥቶ «ክርስቲያኑ ከጥቁር ውኃ በላይ፣ እስላሙ ከጥቁር ውኃ በታች ይሁን፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ ራሱን ያስተዳድር» አለ። ከእናንተ ወገን ሸማኔው ከማል «ሸጋ ነው፣ የራሳችን ሊቀ መንበር ይኖረናል» ብሎ ደገፈው። ሐረገወይን የምትባለው ዘማች ግን «ጭሰኛን ከጭሰኛ የሚለይ መስመር አናሰምርም» ብላ ተቆጣች። ጉባኤው ሳይስማማ ተበተነ።

አንተ እርሻ ሚኒስቴር ሳለህ የዚህን አገር ካርታ ያነሣህ ሰው ነህ። ወንዙ ጥቁር ውኃ ድንበር መሆን ይችላል ወይ? ቃልህ በሁለቱም ወገን ይሰማል። የመሬት መለኪያ ሜትር ከተገኘም አንድ ላክልን፤ በገመድ እየለካን ተጣልተናል።

እኔና አንተ የአንድ ሰው ዘር መሆናችንን ጉባኤው ላይ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ወንድምህ ላቀው ቢሻው


ሉዲያና፣ ጥር 5 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአያ ላቀው ቢሻው፤

አላህ ለእርስዎም ለቤትዎም ሰፊ ጤና ይስጥ፤ ከብትዎን ያብዛ፣ ልጆችዎን ያሳድግ። እኔ አልሐምዱሊላህ ትምህርቴን ይዣለሁ። ለእናቴ፣ በዚህ ወር ይበርዳል፣ ከሦስት ወር በኋላ ግን ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ መቀመጥ አቃተኝ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ሁለት ጊዜ ዞሬ ነው ብዕር የያዝኩት።

ክፉ አይበሉኝና እውነቱን ልናገር። ቅድመ አያቶቻችን ወንድማማቾች ነበሩ፣ ሁለቱም እስላም። በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ሁሉም ይጠመቅ ተብሎ ሲታወጅ የእርስዎ ቅድመ አያት ተጠምቆ ርስቱን ይዞ ቀረ። የእኔው አልጠመቅም ብሎ ወደ መተማ ተሰደደ፤ ሲመለስ ርስት አልነበረውም። አያትዎ ደግ ሰው ሆኖ ለአያቴ የገብስ ማሳ በቃል ሰጠው። በቃል የተሰጠ ነውና አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርሰው አንድ ቀን «ማሳዬ» ሲል አልሰማሁትም። «የእነ ቢሻው ማሳ» ነበር የሚለው። ጎንደር ስማር አዲስ ዓለም በሚባለው የእስላም ሰፈር አጎቴ ሰይድ ቤት ነበርኩ። «እስላም ከወንዝ ዳር ለብቻው ይስፈር የተባለው በነገሥታቱ ጊዜ ነው» እያለ ሰፈሩን ያሳየኝ ነበር። ያን ጊዜ በግድ ነው። ዛሬ በፈቃዳችን፣ በራሳችን ማኅተም ከሆነ ምን ያስፈራኛል?

ጥቁር ውኃ ሸጋ ድንበር ነው። አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአግድም ያቋርጣል፤ ማንም ሊገፋው አይችልም። በካርታዬ መሠረት ከወንዙ በላይ ያሉት የእስላም ቤቶች ሰባት ብቻ ናቸው። ሰባት ቤት ቢዛወር አገር አይጎዳም። ይህን ቃሌን ለጉባኤው ያንብቡልኝ። ሜትሩን ሰው ሲገኝ እልካለሁ።

አክባሪዎ እንድሪስ


ሉዲያና፣ የካቲት 11 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለአያ ላቀው ቢሻው፣ በጥድፊያ፤

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ። ያለፈውን ደብዳቤዬን ለጉባኤው ካላነበቡት አያንብቡት።

ከግቢ ወጥቼ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቻለሁ። አከራዬ ጉርባክሽ የሚባል ጥምጣም የሚጠመጥም ሽማግሌ ነው፤ ሲክ የሚባለው ሃይማኖት ተከታይ ነው። ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ «ቢስሚላህ» ተብሎ በዓረብኛ ተቀርጿል። እስላም ባልሆነ ሰው ቤት ላይ ይህ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁት።

«ቤቱ የኔ አይደለም» አለኝ። «ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ግን የኔ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1939 ዓ.ም. ይህ አገር በሃይማኖት ለሁለት ተከፈለ። እስላሙ ወደ ፓኪስታን ሄደ፣ ሂንዱውና ሲኩ ወደዚህ መጣ። የጉርባክሽ መንደር ከመስመሩ ወዲያ ቀረ። በእግራቸው ሲመጡ እናቱ መንገድ ላይ ሞተች። የዚህ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ወደዚያ ሲሄዱ ሞፈርና ቀንበራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ነው የወጡት። በሁለቱም ወገን ስንት ሰው እንደታረደ ሊነግረኝ ጀምሮ ተወው። «መስመሩን ያሰመረው ሰው ከሩቅ የመጣ ነበር። መንደሮቹን አያውቃቸውም። ካርታ ሰጡት፣ በአምስት ሳምንት ጨርሶ ሄደ» አለኝ።

«ጽሑፉን ምነው አላስፋቅኸውም?» አልኩት።

«ሚስቴ ከለከለችኝ። የሰው ጸሎት ነው አለች።»

ክፍሌ ገብቼ የአገራችንን ካርታ ግልባጭ ዘረጋሁ። ሰባቱን ቤቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አራተኛው የእናቴ ነው። አያ ላቀው፣ እንዴት እንዳልታየኝ አላውቅም። በገዛ እርሳሴ ነጥብ ያደረግሁባት እኔ ነኝ።

ጉባኤውን ያስቁሙልኝ። ማኅበሩ መከፈሉ ካልቀረ ከላይ ወደ ታች በቁመት ይከፈል፤ ሁለቱም ወገን ከምንጩም ከገብስ ማሳውም ከቆላውም እንዲደርሰው። እስላምና ክርስቲያን ተብሎ እንዳይከፈል። ቶሎ ይመልሱልኝ።

እንድሪስ


ኢትዮጵያ ትቅደም
ጃናሞራ፣ መጋቢት 16 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንድሪስ አደም፤

የጾሙ ወራት በረከት አንተንም አይለፍህ፤ እኛ አምላካችን ይመስገን ሁላችንም አለን።

የጥር 5 ደብዳቤህ ደረሰኝ። ለጉባኤው አንብቤዋለሁ፣ በጭብጨባ ተቀብለውታል። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። የላዩ ሊቀ መንበር ቢያዝን፣ የታቹ ከማል ነው። ሁለተኛው ማኅተም ጎንደር ታዝዟል።

መዝገቡን ስጽፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቸገርን። የከማል ሚስት ትርንጎ ክርስቲያን እንደሆነች ታውቃለህ። ቢያዝን «ከላይ ትጻፍ» አለ፤ ከማል «ሚስቴን ወንዝ ማዶ ልታደርጓት ነው?» አለ። ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ራሷ መጥታ «ማጀቴ ያለበት ጻፉኝ» አለች፤ ከታች ተጻፈች። አሁን ግን ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከሌላ ማኅበር እንደመጣች እንግዳ ትጠየቃለች።

እናትህ ደህና ናት። ሜትሩ ይቅር፣ ተለክቶ አልቋል። ይልቅ ለጉልበት የሚሆን ቅባት ካገኘህ ላክላት፤ መንገዱ በዝቶባታል።

ወንድምህ ላቀው ቢሻው


ሉዲያና፣ ግንቦት 8 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለአያ ላቀው፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለቤትዎ። ቅባቱን ዛሬ በፖስታ ልኬያለሁ።

የቱ መንገድ ነው የበዛባት? እናቴ ከምንጩ ሃምሳ እርምጃ ነበረች። የየካቲት ደብዳቤዬስ ደረሰዎት ወይ? የገብሱን ማሳ ማን እያረሰው ነው? እናቴ የት ነው ያለችው? በአንድ መስመርም ቢሆን ይመልሱልኝ፤ ሌላ ወሬ አልፈልግም።

እዚህ ሙቀቱ መጽሐፍ አያስይዝም። ጉርባክሽ ጣሪያው ላይ አልጋ አውጥቶልኛል። እዚያም ሆኜ እገላበጣለሁ።

እንድሪስ


ሉዲያና፣ ሐምሌ 27 ቀን 1968 ዓ.ም.

ላቀው፤

አጎቴ ሰይድ ከጎንደር ጻፈልኝ። ጨው ይዞ ጃናሞራ ወጥቶ ነበር። እናቴን ከወንዙ በታች፣ ቆላው አፋፍ ላይ ባለች ጎጆ አገኛት። የገብሱ ማሳ በአንተ ስም ተመርቷል ይላል።

ሁለት ጊዜ «እናትህ ደህና ናት» ብለህ ጻፍክልኝ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ይህን ቃል ለመጻፍ ስንት ፊደል እንደሚበቃ ከአንተ ነው የተማርኩት። ምን እንዳደረግህ በእጅህ ጻፍልኝ። እኔ ምን እንዳደረግሁም ጻፍልኝ።

እንድሪስ አደም


ጃናሞራ፣ መስከረም 30 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእንድሪስ አደም፤

አዲሱ ዓመት ከእኔ ከሚሻል ሰው ጋር ያገናኝህ። «አያ» ብትለኝም ብትተወኝም መብትህ ነው። የዘገየሁት ስላልነበርኩ ነው፤ ምክንያቱን ታች ታገኘዋለህ።

አጎትህ የጻፈልህ እውነት ነው። የጎደለውን እኔ ልሙላ።

የጥር ደብዳቤህ የደረሰኝ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ቢያዝን ምን እንደሚል ጠይቆኝ ነገርኩት። በማግሥቱ ወይራው ሥር ጉባኤ ጠራ። እናትህ የልጇ ደብዳቤ ይነበባል ሲባል ሰምታ የዒድ ነጠላዋን ለብሳ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። እኔ ስለ ቅድመ አያቶቻችንና ስለ ማሳው የጻፍከውን ዘልዬ «ጥቁር ውኃ ሸጋ ድንበር ነው» ከሚለው ጀመርኩ። የዘለልኩት ክርስቲያኑ ፊት የእስላም ዘር መሆኔ እንዳይነሣ ብዬ ነው። «ሰባት ቤት ቢዛወር አገር አይጎዳም» ከሚለው ስደርስ እናትህ ተነሣች።

«ላቀው፣ ይህ የልጄ ቃል ነው?»

«የልጅሽ ቃል ነው፣ እቴ።»

«ፊርማው አለበት?»

«አለበት።»

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ብዙ አየችው። መልሳ ሰጠችኝና «እንግዲያ እሄዳለሁ» ብላ ወጣች። ሌሎቹ ስድስት ቤቶች ገና ሲከራከሩ እሷ በሦስተኛው ቀን ወርዳ ነበር። በሯን ነቅዬ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ኮሚቴው ማሳውን ለእኔ መራው። ቢያዝን «ድሮም የአያትህ ርስት ነው» አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ከዚያ በኋላ ነው «እናትህ ደህና ናት» ብዬ የጻፍኩልህ። ቅባት የለመንኩህም የወንዙ ውኃ ስለማይጠጣ፣ ምንጩም ከላይ ስለቀረ ዳገቱን በቀን ሁለት ጊዜ ስለምትወጣ ነው።

የየካቲቱ ደብዳቤህ ሚያዝያ 6 ቀን እጄ ገባ። አንብቤ ከማኅተሙ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ልጇ ቃሉን መልሶ እንደወሰደ ብትሰማ ምን ያህል እንደሚቀልላት አላጣሁትም። ግን ማሳውን አንዴ በውሰት በሬ ገምሼው ነበር። ደብዳቤህ ከተነበበ ማሳውን መመለስ አለብኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በግንቦት ምንጩ ቀጠነ። ቢያዝን ዘብ አቆመበት፤ የታቾቹ ሴቶች እንስራቸውን ባዶ ይዘው ተመለሱ። በማግሥቱ ወንዶቹ ዱላ ይዘው መጡ። ከእኛ ሁለት ሰው ተፈነከተ፣ የከማል ቀኝ እጅ ተሰበረ። ሸማኔ ነው። ለልደታ ታቦት መጋረጃ ሲሸምን የኖረው እሱ ነበር። ሐረገወይን በሁለቱ መካከል ገብታ ስትጮህ ማንም አልሰማትም። ከሳምንት በኋላ ዘማቾቹ ተጠርተው ሄዱ።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እዚህ አገር ጥንድ በሬ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም አንድ አንዱን ያቀናጃል። ማን ከማን እንደተቀናጀ መዝገቡን ስንጽፍ ማናችንም አላሰብነውም። የእኔ ቀይ በሬ ከእናትህ ጥቁር በሬ ጋር ሰባት ዓመት ነው የተጠመደው። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ግን ከማዶ ጋር መቀናጀት ክልክል ሆነ። ከላይም ከታችም ሰው አንድ በሬ እየያዘ ደመናውን እያየ ቆመ። ክርስቲያኑ ከክርስቲያን እንዳይቀናጅ፣ አብረው መጠመድ ያልለመዱ በሬዎች ለዚያው ክረምት አይደርሱም።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ አማረች «ያንን ሣጥን ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ማወቋን አላውቅም ነበር። ደብዳቤውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ በሬዬን ፈታሁና ጥቁር ውኃን ተሻገርኩ።

እናትህ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አሁን ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?» አለችኝ።

«ላርስ ነው።»

«በማን በሬ?»

«በሁለታችን።»

በሬዋን አምጥታ ሰጠችኝ። የተመራላትን ቁራሽ መሬት አርሼ ጨረስኩ። ከዚያ ደብዳቤህን አነበብኩላት፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፤ ምንም አልዘለልኩም። «መቼ ነው የመጣው?» አለችኝ። «ሚያዝያ» አልኳት። ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በሬዋን ግን አልወሰደችብኝም፤ ሁለቱን ነድቼ ወደ ላይ ወጣሁና ገብሱን ዘራሁ።

ቢያዝን «የማኅበሩን ውሳኔ ጥሷል» ብሎ ከሰሰኝ። ማኅተሙን ተቀበሉኝ፣ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ታሰርኩ። ተፈትቼ ስመለስ እርሻው አልፎ ሰዉ አረሙ ላይ ደርሷል። አማረች እንደነገረችኝ፣ እኔ በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን የልደታው መሪጌታ ራሳቸው በሬያቸውን ነድተው ወንዙን ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ ተሻጋሪው በዛ፤ ቢያዝን ሁሉንም ማሰር አልቻለም።

ማሳው አሁንም በእኔ ስም ነው። እንዲሰረዝ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። ያደረግሁት ይህ ነው። አንተ ያደረግኸውንም ከላይ ጽፌዋለሁ።

ላቀው ቢሻው


ሉዲያና፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1969 ዓ.ም.

ላቀው፤

የጻፍከውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ለአንተ የምለው ገና አልተገኘልኝም። ከዚህ በታች ያለው ለእናቴ ነው፤ አንብብላት። አንድ ቃል አትዝለል።

እማ፣ አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። ሰባት ቤት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳስብ የነበረው ስለ አባቴ ነበር፤ የራሱ መሬት ይኑረው ብዬ ሞቶ ለቆየ ሰው ስሟገት በሕይወት ያለሽውን አንቺን ረሳሁ። ትምህርቴ የሚያልቀው ሰኔ ነው። ሥራ አዲስ አበባ ይሰጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አስቀድሜ ወደ አንቺ ነው የምመጣው። ልምጣ ወይስ አልምጣ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ልጅሽ እንድሪስ


ጃናሞራ፣ የካቲት 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ልጄ እንድሪስ፣ አላህ ከአገር አገር በሰላም ያመላልስህ።

የምናገረው እኔ ዘምዘም ነኝ፣ የሚጽፈው ላቀው ነው። ያልኩትን ሁሉ ጻፍ ብዬዋለሁ። ትርንጎ ከዘማቾቹ ፊደል ቆጥራለች፤ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጽፎ ሲጨርስ እሷ ታነብልኛለች። ስለዚህ የሚዘለል ነገር የለም።

ቅባቱ ደርሶኛል። ሽታው ደግ አይደለም፣ ጉልበቴን ግን ያፍታታዋል።

ያን ቀን ወይራው ሥር የተሰማኝን ልንገርህ። ቤቱን አልነበረም ያዘንኩለት። ጎጆ ይፈርሳል፣ ይሠራል። ልጄ ቤቴን ቆጥሮ ስሜን አልጠራም፤ እሱ ነው የቆረጠኝ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲነበብልኝ ግን «አራተኛው የእናቴ ነው» ብለሃል። ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወዲህ ቀለለኝ። አሁን ተወው።

ላቀውን ይቅር አላልኩትም። ይህን ሲሰማ ብዕሩን አቆመ፤ «ጻፈው» አልኩት፣ ጻፈው። ታኅሣሥ ላይ ከገብሱ ግማሹን አምጥቶ ደጄ ላይ አስቀመጠ። «ግባ» አላልኩትም፣ «ሂድ»ም አላልኩትም። ስልቻው ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። ዶሮዎቹ ሊበሱት ሲሉ አስገባሁት። በሬዎቹ አሁንም አብረው ይጠመዳሉ፤ እነሱን ማን ያስቀይማቸዋል።

ማኅበሩን መልሰን አንድ እናድርግ የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ከማል «ማኅተማችንን አንመልስም፤ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንለምን ኖረን ዛሬ በስማችን የሚጻፍ ነገር አገኘን» ይላል። እጁ አልተቃናም፣ መሸመኑን ትቷል፤ ቢሆንም እውነቱን ነው። ትርንጎ ደግሞ «ሁለት ማኅተም ካለ ሁለት ምንጭ አምጡልኝ» ትለዋለች። እሷም እውነቷን ነው። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ምንጩን ለጊዜው በተራ እንቀዳለን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእኛ ነው። በቀረው ቀን አማረች በእኔ እንስራ ቀድታ ወንዙ ዳር ታስቀምጥልኛለች። እዚያ ሄጄ አነሣዋለሁ።

ወደ ላይ ተመለሺ ቢሉኝ አልመለስም። አንድ ጊዜ በር መንቀል ይበቃል።

ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ የምን ጥያቄ ነው? ና። በደባርቅ በኩል ና። ካርታህን አዲስ አበባ ተወው፣ እዚህ አታምጣብኝ። ወንዙ ጋ ስትደርስ ተጣራ። ይህን ቤት አታውቀውም፤ እኔ ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ።